ጠንካራ የቫልቭ ሞላ አገጣጠምና የሺም ልክ፤ አባይ በረሃን ለሚወርድ ሞተር

ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሾፌር ደብረ ማርቆስን አልፎ ደጀን ሲደርስ የሚያስበው ከድልድዩ ማዶ ያለውን ዳገት ነው። ውሃው ይፈላ ይሆን፣ ቱርቦው ይችል ይሆን ይላል። ለቫልቭ ሞላ ግን ክፉው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በቁልቁለቱ ላይ ሞላው ከሁለት በኩል ይፈተናል።

አንደኛው ፈተና ዙር ነው። ጭነቱ መኪናውን ሲገፋ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ይሆናል። ገቨርነር ናፍጣ ይቆርጣል እንጂ የጎማ ግፊያ አይቆርጥም፤ ሾፌሩ ያለ ልክ ማርሽ ከቀነሰ ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ ይሄዳል። ቫልቩ የካሙን (እየዞረ ቫልቩን የሚያስከፍተውን ጉብታ) ጀርባ ተከትሎ እንዲመለስ የሚያደርገው ሞላው ብቻ ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው። በደቂቃ 2,400 ዙር ይሄድ የነበረ ሞተር 3,000 ሲገባ ዙሩ የጨመረው በሩብ ነው፤ ከሞላው የሚፈለገው ጉልበት ግን ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ሞላው ካልቻለ ቫልቩ ካሙን ለቆ ይንሳፈፋል፣ ዘግይቶ ይዘጋል፣ ሲቱን (ሲዘጋ የሚቀመጥበትን ቀለበት) እንደ መዶሻ ይደበድባል፤ ከባሰም ከፒስተን ጋር ይጋጫል።

ሁለተኛው ሞተር ፍሬን ነው፤ የጭስ መውጫውን በቢራቢሮ የሚዘጋው ዓይነት። ቢራቢሮው ሲዘጋ ጭሱ ማኒፎልዱ ውስጥ ይታመቃል። የታመቀው ጭስ የጭስ ቫልቮቹን ከጀርባ ይገፋል፤ በተለይ በዚያች ቅጽበት አየር እየሳበ ያለውን ሲሊንደር፣ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ ቫልቩን ወደ ሲቱ የሚደግፍ ግፊት የለም። ሾፌር መጥቶ «ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተር ፍሬን ስነካ ቴስታታው ውስጥ ጠጠር እንደ ገባ ይንኳኳል፣ ስለቀው ዝም ይላል» ካለ መጠርጠር ያለበት የጭስ ቫልቭ ሞላ ነው። ሞተር ፍሬን ተነካም አልተነካም የሚንኳኳ ከሆነ ግን ሞላ ከመፍታት በፊት የቫልቭ ክፍተት፣ ማለት ቫልቩን በሚገፋው ሮከርና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያለው፣ ይታይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጎ መናገር ይሻላል፦ ጠንካራ ሞላ ለሁሉም ሞተር አይደለም። የገጠር ወፍጮ የሚያዞር ሞተር ወይም መራዊ አካባቢ በመስኖ ላይ የሚውል የውሃ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዙር ነው የሚሠራው፤ ለእሱ ጠንካራ ሞላ መግጠም ካሙን ማስበላት ነው። የፋብሪካውን ልክ አዲስ ሞላ ማግኘት ይበቃዋል። ሚኒባስና ፒክአፕም ብዙ ጊዜ እንዲሁ። ጠንካራ ሞላ ሥራው ከባድ ጭነት፣ ረጅም ቁልቁለትና ሞተር ፍሬን ሲገናኙ ነው፤ ያን ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ የጭስ ቫልቮቹን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ምን ያህል ኪሎ?

ስሌቱ ቀላል ነው። የጭስ ቫልቩ ራስ 40 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ ስፋቱ 12.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ግንዱ 9 ሚሊ ቢሆን የሚይዘው 0.6 ነው፤ ሲቀነስ ጭሱ የሚገፋው 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ማኒፎልዱ ውስጥ የታመቀው ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 3 ኪሎ ከደረሰ ቫልቩን በ36 ኪሎ ይገፋዋል። እንግዲህ ሞላው ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ከ36 ኪሎ በላይ መያዝ አለበት። የሞተሩ የራሱ ሞላ 30 ኪሎ ብቻ ከያዘ ለምን እንደሚንኳኳ ከዚህ ይታያል።

ለዚህ ምሳሌ 44.0 ሚሊ ሜትር ላይ ሲቀመጥ 40 ኪሎ የሚይዝ፣ በያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 4 ኪሎ የሚጨምር ሞላ እንያዝ። ድፍን ቁመቱ፣ ማለት ጥቅልሎቹ ተነካክተው ከዚያ በላይ የማይጨመቅበት፣ 30.0 ሚሊ ነው። ቫልቩ የሚከፈተው 11.0 ሚሊ ነው። እነዚህ ለማስረዳት የተያዙ ቁጥሮች ናቸው፤ የራስ ሞተር ቁጥር ከሞተሩ ማኑዋልና ከሞላው ወረቀት ነው የሚወሰደው።

ሞላ ሲገዛ ሻጩ ጋ መጠየቅ ያለባቸው አምስት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ የውጭ ስፋት፣ የውስጥ ስፋት፣ በስንት ሚሊ ቁመት ስንት ኪሎ፣ በሚሊ ስንት ኪሎ እንደሚጨምር፣ ድፍን ቁመት። ሻጩ «ለዚህ መኪና ነው» ብቻ ካለና ወረቀት ከሌለ ጋራዥ ውስጥ ማወቅ ይቻላል። የሰው ክብደት የሚለካበት ሚዛን ከትራፓኖ ሥር ይቀመጣል፤ ትራፓኖው ከኤሌክትሪክ ይነቀላል። በሚዛኑ ላይ ጠፍጣፋ ብረት፣ በብረቱ ላይ ሞላው በቁሙ፣ በላዩ ሌላ ጠፍጣፋ ብረት ይደረጋል። በትራፓኖው እጀታ ቀስ ብሎ ይጫንና በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ቁመት በካሊፐር 44.0 ሲሆን ሚዛኑ ይነበባል። ከዚያ 5 ሚሊ ጨምቆ እንደገና ይነበባል፤ የጨመረው ኪሎ ለ5 ሲካፈል የሞላው ጥንካሬ ይወጣል። ሞላው እንዳያፈተልክ በጨርቅ ይከበብ፣ ፊትም ይራቅ። ለመጀመሪያው ጭነት እንዲህ ያለው ሚዛን ይበቃል፤ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚይዘውን 84 ኪሎ ግን ከመለካት ማስላት ይሻላል፦ 40 ሲደመር 11 ጊዜ 4።

ከሞላው ጋር ቆቡ (ሞላውን ከላይ የሚይዘው) እና ሎኮቹም (ቆቡን ከቫልቩ ግንድ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ግማሾች) ይታዩ። አዲሱ ሞላ በቆቡ ደረጃ ላይ ሳይላወስና ሳይጣበቅ መቀመጥ አለበት። የሎክና የቆብ ዝንባሌ ሊለያይ ይችላል፤ ባለ 7 ዲግሪ ሎክ ባለ 10 ዲግሪ ቆብ ውስጥ ሲገባ የገጠመ ይመስላል፣ የሚይዘው ግን በጠርዙ ብቻ ነው። እንዲህ የተገጠመ ቫልቭ ቆይቶ ወደ ሲሊንደር ይወድቃል። የሎክና የቆብ ስብስብ ከተለያየ ሱቅ አይቀላቀል።

ከመለካት በፊት የሚያልቅ ሥራ

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። አንዱ ቴስታታውን ፈቶ፣ ሞላውን ለክቶ፣ ሺሙን (ሞላው ሥር የሚገባውን ቀለበት) ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ቫልቮቹን በስሜሪልዮ (በማሻ ቅባት) ለማሸት ይቀመጣል። ያን ጊዜ ልኩ ሁሉ ከንቱ ሆነ። ሲት ሲቆረጥ ወይም ቫልቭ ሲሞረድ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይወጣል። ጫፉ በወጣ ቁጥር ቆቡ አብሮት ይወጣል፣ ሞላው ይላላል። ሲቱ 0.5 ሚሊ ከሰመጠ ምሳሌያችን ላይ ያለው ሞላ 2 ኪሎ አጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጋይዶቹ (የቫልቩ ግንድ የሚመላለስባቸው ቱቦዎች) ይፈተሹ፣ የላሉት ይቀየሩ፤ ሲቱ ይቆረጥ፤ ቫልቩ ይሞረድ ወይም ይቀየር፤ በስሜሪልዮ ይታሽ፤ ቴስታታው ከነ ቀዳዳዎቹ በናፍጣ ታጥቦ በኮምፕረሰር ይነፋ። የስሜሪልዮ ቅሪት ጋይድ ውስጥ ከቀረ አዲሱን ጋይድ በሳምንት ውስጥ ይበላዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ካሊፐር የሚነሳው። እያንዳንዱ ቫልቭ የራሱን ሲት እንዳይለቅ ካርቶን ላይ ቀዳዳ በስቶ በተራ ቁጥር መሰካት ጥሩ ልማድ ነው።

አዲሱ ሞላ ላይ ያለው የዝገት መከላከያ ቅባት በንጹሕ ናፍጣ ይታጠባል። በፒንሳ አይያዝ፣ ባዶውን በሞርሳ አይታሰር፣ ቁጥር አይጫርበት። ሞላ የሚሰበረው ከጭረት ጀምሮ ነው፤ ጥፍር የማይሰማው ጭረት ሚሊዮን ጊዜ ከተጨመቀ በኋላ ስንጥቅ ይሆናል።

የመቀመጫ ቁመት አለካክ

የመቀመጫ ቁመት የሚባለው ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ከሞላው ወለል እስከ ቆቡ የታችኛው ደረጃ ያለው ርቀት ነው። ሞላው ሳይገባ ነው የሚለካው። ቫልቩ በቦታው ይገባል፣ በላዩ ቆቡ፣ በቆቡ ውስጥ ሁለቱ ሎኮች። ቆቡ በጣት ወደ ላይ ተስቦ ሎኮቹ እስኪነክሱ ይጠበቃል፤ ቫልቩም ከሥር ሲቱ ላይ በደንብ መቀመጡ ይታያል። ፋብሪካው ሞላው ሥር የብረት ሳህን ወይም ቫልቭ የሚያዞር መሣሪያ አድርጎ ከሆነ እሱ በቦታው ሆኖ ልኩ ከእሱ በላይ ይጀምራል።

ለዚህ የተሠራ ማይክሮሜትር አለ፤ ጎጃም ውስጥ ጋራዥ ሁሉ አለው ማለት ግን አይቻልም። ያለ እሱም ይሠራል። 3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ቅርፊቱ ተራግፎ 47 ሚሊ ያህል ይቆረጣል። ሁለቱ ጫፎች በሊማ ይስተካከላሉ፤ ጠርዙ በጣም በትንሹ ይሰበራል እንጂ አይሾልም። ዘንጉ በወለሉና በቆቡ መካከል በቁሙ ለመግባት ይሞከራል፤ ካልገባ በሊማ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታሻል፣ እንደገና ይሞከራል። የሚፈለገው ሳይገፋ የሚገባ፣ ሲወዘወዝ ደግሞ ቆቡን ቀለል አድርጎ የሚነካ ዘንግ ነው። ያኔ ዘንጉ ወጥቶ በካሊፐር ይለካል። ለመጀመር ትንሿ ቁመት ካለው ቫልቭ ሳይሆን ረጅም ከሚመስለው ይጀመር፤ አንድ ዘንግ እያጠረ ሁሉንም ይለካል። ቆቡ አንድ ቦታ ብቻ ተለክቶ አይተው፤ ዞር ተደርጎ በሌላው ጎኑም ይሞከር፣ ዘንበል ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ከስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ የጭስ ቫልቮቹ ልክ በተራ እንዲህ ወጣ እንበል፦ 44.3፣ 44.4፣ 44.3፣ 45.1፣ 44.4፣ 44.8። እንዲህ ያለ መበታተን የተለመደ ነው፤ አራተኛው ሲት አንድ ጊዜ በጥልቀት ተቆርጧል ማለት ነው። ሞላው ለ44.0 የተባለውን 40 ኪሎ በአራተኛው ላይ አይሰጥም፤ 1.1 ሚሊ ስለላላ 4.4 ኪሎ አጥቶ 35.6 ይቀረዋል። ከላይ ያሰላነው የጭሱ ግፊያ 36 ነበር። አዲስ፣ ጠንካራ፣ ውድ ሞላ ተገዝቶ አራተኛው ሲሊንደር አሁንም ቁልቁለት ላይ ይንኳኳል ማለት ነው። ባለ መኪናው ሞላው ፎርጂ ነው ይላል፤ ጥፋቱ ግን የሞላው አይደለም፣ የተቀመጠበት ቁመት ነው።

ሺም መምረጥ

ሺም ሞላው ሥር የሚገባ ቀጭን፣ የጠነከረ የብረት ቀለበት ነው። ገበያ ላይ የሚገኙት በብዛት 0.38፣ 0.76 እና 1.52 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ናቸው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስልክ ተደውሎ «ሺም ላኩልኝ» ከተባለ ግን ችግር አለ። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 1 ኤች ዜድ፣ የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከልበት ሌላ ሺም አላቸው፤ በባልዲው ራስ ላይ የሚቀመጥ፣ ቀዳዳ የሌለው እንደ ሳንቲም ያለ። ባለ ሱቁ ያንን ነው የሚልከው። ስለዚህ ቀዳዳ ያለው፣ የሞላ ሥር ሺም ተብሎ፣ የውጭና የውስጥ ስፋቱ በሚሊ ተጽፎ ይታዘዝ። የውጭው ከሞላው ወለል ስፋት መብለጥ የለበትም፣ የውስጡ በጋይዱ ወገብ ላይ ሳይላወስ ይገባል። አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ እስኪደርስ አንድ ቀን ስለሚሄድበት፣ ልክ ከተወሰደ በኋላ ታዝዞ ጥቂት መለዋወጫ መጨመር አይጎዳም።

ለምሳሌያችን ስርጭቱ ይህን ይመስላል፦ አንደኛና ሦስተኛ ባለ 0.38 ሺም ሲገባባቸው 43.92 ይሆናሉ፤ ሁለተኛና አምስተኛ በዚያው 44.02፤ ስድስተኛ ባለ 0.76 ገብቶ 44.04፤ አራተኛ 0.38 እና 0.76 አንድ ላይ ገብተው 43.96። ከ44.0 ወደዚህም ወደዚያም 0.25 ሚሊ መለያየት ይፈቀዳል፤ ይኼ 1 ኪሎ ነው። ከዚያ ለጠበበ ልክ መልፋት አያስፈልግም።

 ሺሙ አንድ ፊቱ ጥርስ ያለው ከሆነ ጥርሱ ወደ ቴስታታው ይዞራል። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ ሞላው በቀጥታ አሉሚኒየም ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ የፋብሪካው የብረት ሳህን ይኑር፣ ሺሙም ከሳህኑ ሥር ይግባ። የሺሙ ድምር 1.5 ሚሊ ካለፈ ሺም መጨመሩን ትቶ ምክንያቱን መፈለግ ነው፤ ወይ ቫልቩ እጅግ ሰምጧል፣ ወይ ቆቡ የሌላ ሞተር ነው። የሰመጠው ሲት ይቀየር።

ራንዴላ በሺም ፈንታ የሚያስገባ አለ። ራንዴላ ለስላሳ ብረት ነው፤ ሞላው እየዞረ ይፈጨዋል፣ በወር ጊዜ ውስጥ ይሳሳል፣ ብናኙም ከዘይቱ ጋር ወደ ብሮንዚን ይሄዳል። ቶርኖ ቤት ከላሜራ የተቆረጠም ካልጠነከረ ያው ነው። ሌላው ክፉ ልማድ ያረጀ ሞላን በሺም ማስነሳት ነው። የደከመ ሞላ ነጻ ቁመቱ ያጠረው ብረቱ ስለዛለ ነው፤ 1.5 ሚሊ ሺም ቢገባበት ለጥቂት ሳምንት ኪሎው ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ያጥራል፣ አንዳንዱም ይሰበራል።

ድፍን እንዳይሆን

ሺም ወለሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሞላው ውስጥ የቀረው ክፍተት ይቀንሳል። የመቀመጫ ቁመት 44.0፣ ሲቀነስ መክፈቻው 11.0፣ ሲቀነስ ድፍን ቁመቱ 30.0፣ የቀረው 3.0 ሚሊ ነው። ከ1.5 ሚሊ በታች መውረድ የለበትም። «ቢጠነክር ምን አለበት» ብሎ አንደኛው ቫልቭ ሥር 2.28 ሚሊ ሺም የደረደረ ሰው ቁመቱን 42.02 አድርጎታል፣ የቀረውም 1.02 ብቻ ነው። ሞተሩ በእጅ ሲዞር ምንም አይታይም፤ በሙሉ ዙር ላይ ግን ጥቅልሎቹ ይነካካሉ፣ ፑሽሮድ ይታጠፋል፣ ሮከር ይሰነጠቃል፣ የካሙ አፍንጫ ይላጣል።

የሞላው ድፍን ቁመት ካልተጻፈ በሞርሳ ይለካል፦ በሁለት ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቁራጭ መካከል ሞላው ገብቶ ጥቅልሎቹ እስኪነካኩ ቀስ ብሎ ይጠበቃል፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። ሁለት ሞላ፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ ያለበት ዓይነት ከሆነ የውስጡም ለብቻው ይለካ፤ ቀድሞ ድፍን የሚሆነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የሁለቱ ጥቅልል አቅጣጫ መቃረኑም ይታይ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆኑ እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ጥቅልሎቹ በአንድ ጫፍ የተቀራረቡ ሞላ ከሆነ የተቀራረበው ጫፍ ወደ ቴስታታው ነው።

መክፈቻው የሚለካው በቫልቩ ላይ ነው እንጂ በካሙ ላይ አይደለም፤ ሮከሩ ስለሚያባዛው የካሙ ቁጥር ያንሳል። ዳያል ጌጅ ካለ ቆቡ ላይ ይቀመጣል። ከሌለ ክፍተቱ ለጊዜው ዜሮ ይደረግና ቫልቩ ሲዘጋና ሲከፈት የቆቡ ከፍታ በካሊፐር ጥልቀት መለኪያ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ልዩነቱ መክፈቻው ነው።

ቆቡ ከቫልቭ ሲሉ (ጋይዱ ራስ ላይ ሆኖ ዘይት ከሚያግደው ላስቲክ) ጋር እንዳይጋጭም ይታይ። ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ከቆቡ ሥር እስከ ሲሉ ራስ ያለው ርቀት ከመክፈቻው ቢያንስ በ1.5 ሚሊ መብለጥ አለበት፤ በምሳሌያችን 12.5 ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ሺም ቆቡን አያንቀሳቅሰውም። የሚያነሳው የሞላውን ወለል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቆብና የሲል ክፍተት ከጠበበ ሺም ማውጣት አያድነውም። አጭር ሲል ወይም ሌላ ቆብ ነው መፍትሔው።

አገጣጠም

መጀመሪያ ሺምና ሳህን፣ ከዚያ ሲል፣ ከዚያ ቫልቭ፣ ከዚያ ሞላ። ይህ ቅደም ተከተል ቀልድ የለውም። በብዙ ቴስታታ ላይ ሲሉ ጋይዱ ላይ ከተመታ በኋላ ሺም ከሥሩ አይገባም፤ ሲል ነቅሎ እንደገና ማግባት ደግሞ ሲሉን ማበላሸት ነው፣ አንዴ የወጣ ሲል አይመለስም። የቫልቩ ግንድ በሞተር ዘይት ይቀባል። የሎክ ቦይ ያለበት ጫፍ ሹል ስለሆነ የሲሉን ከንፈር እንዳይቆርጥ በቀጭን ላስቲክ ይሸፈን፤ የምንጭ ውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ተቆርጦ ሲጠቀለል በቂ ነው።

ሞላው በመጭመቂያ የሚጨመቀው ሎኩ እስኪገባ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መጨመቅ ቆቡን ሲሉ ላይ ያስመታዋል። የሎኩ ሆድ ላይ የስንዴ ቅንጣት ያህል ግራሶ ተቀብቶ በትንሽ ካቻቢቴ ጫፍ ወደ ቦዩ ይጠጋል፤ ግራሶው አጣብቆ ስለሚይዘው ሁለተኛው እስኪገባ አይወድቅም። መጭመቂያው ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ሁለቱ ሎኮች እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም በሁለቱም ጎን መመሳሰሉ በባትሪ ብርሃን ይታያል። አንዱ ከፍ ብሎ ከታየ ቦዩ ውስጥ አልገባም፣ እንደገና ይጨመቃል። ሁሉም ካለቀ በኋላ የቫልቩ ጫፍ በጨርቅ ተሸፍኖ በፕላስቲክ መዶሻ አንድ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ በደንብ ያልተቀመጠ ሎክ የሚዘለው እዚህ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። መነጽር የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ቴስታታው ዘንበል ተደርጎ በጭስና በአየር ቀዳዳዎቹ ናፍጣ ይሞላል። 10 ደቂቃ ቆይቶ በቫልቩ ጠርዝ ናፍጣ ካልወጣ ሲቱ ደህና ነው። ጠንካራ ሞላ መጥፎ ሲትን ይሸፍናል ብሎ የሚያስብ አለ፤ አይሸፍንም።

ቴስታታ ሳይወርድ የጭስ ሞላ ብቻ መቀየርም ይቻላል፤ ሲቶቹ ጤነኛ መሆናቸው በኮምፕረሽን ከታወቀ። የሚሠራበት ሲሊንደር ፒስተን ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው እስከ ላይኛው ጫፍ ይመጣል። በኖዝል ቀዳዳ በኩል 6 ወይም 7 ባር አየር ይገባል፤ አየሩ ቫልቩን ሲቱ ላይ ይይዘዋል። ፒስተኑ ትክክለኛው ጫፍ ላይ ካልሆነ አየሩ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ስለዚህ መኪናው ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ ክራንክ ሻፍት ላይ ቁልፍ ተሰክቶ ያለ ጥንቃቄ እጅ አይቅረብ። ሞላው ከመጨመቁ በፊት ቆቡ በቡሽላና በመዶሻ ቀለል ብሎ ቢመታ የደረቁ ሎኮች ይላቀቃሉ። የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ሁሉ በጨርቅ ይወተፉ፤ የወደቀ ሎክ ለመፈለግ ካርተር ማውረድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በሲኖትራክ ላይ ያለው ደብሊው ዲ 615 ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ ስላለው አንድ ሲሊንደር ብቻ ጥርጣሬ ካለበት ያንኑ ለብቻው ማውረድ ይቀላል።

ከገጠማ በኋላ የቫልቭ ክፍተት ይስተካከላል። ሺም ክፍተትን አይለውጥም፤ የተቆረጠ ሲት ግን ይለውጠዋል፣ ያጠበዋል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ደብሊው ዲ 615 ለአየር 0.30፣ ለጭስ 0.40 ሚሊ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 5.9 ሊትር ኩሚንስ ባለ 12 ቫልቭ ደግሞ ለአየር 0.25፣ ለጭስ 0.51። ከዚያ ሞተሩ በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ይዞራል። እያንዳንዱ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ቅጽበት ጥቅልሎቹ መካከል 0.25 ሚሊ ፊለር (ቀጭን የክፍተት መለኪያ ብረት) መግባቱ ይሞከራል። አንድ ቦታ ከከበደ በኃይል አይገፋ፤ ቆሞ ምክንያቱ ይፈለጋል።

መጀመሪያ ሲነሳ ሞተሩ በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር ባለው መካከል ሙቀቱ እስኪደርስ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ይጠፋና ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይተዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ከሆነ ማታ ሠርቶ ማደር ይበቃዋል። አዲስ ሞላ በመጀመሪያው ሙቀት ትንሽ ይረግባል፤ ያንን ያለ ጭነት ቢጨርስ ነው የሚሻለው። በዚያ ቀን ተጭኖ አባይ አይወረድም።

1,000 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ክፍተቱ እንደገና በፊለር ይለካል፤ የመጀመሪያው ልክ ወረቀት ላይ ካለ ንጽጽሩ ብዙ ይናገራል። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ወደ ሲቱ እየሰመጠ ነው፤ ሞላው ለሲቱ ከብዶታል ወይም ሲቱ ለስላሳ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ እየተበላ ያለው ካሙ፣ ታፔቱ ወይም ሮከሩ ነው፤ ዘይቱ ወርዶ ማግኔት ይገባበት፣ ማግኔቱ ላይ እንደ ጥቁር ፀጉር የቆመ ብረት ከታየ ያ ሞላ ለዚያ ካም በዝቷል፣ ቀለል ወዳለው መመለስ ነው።